ለኮምፒውተር እሺ አይባልም

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ። የቀትሩ እንቅልፍ አልቆ ሱቆች መዝጊያቸውን መግፋት የጀመሩበት ሰዓት ነው። የክፍሉ የጽሕፈትና የህትመት ቤት። ባለቤቱ ክፍሉ ስድሳን የተጠጋ፣ ሪዙን አበጥሮ የሚያሳድግ ሰው ነው፤ አሁን ከጓዳው ወጥቷል፣ የምንጣፉ መስመር ጉንጩ ላይ ታትሟል። አየነው የሚስቱ የወይዘሮ ተሻለች ወንድም ነው፤ አርባ ሊሞላው ነው፣ ሱቁ ውስጥ አብሮት ይሠራል፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ቬንትሌተሩ ኮምፒውተሩ ላይ ይነፍሳል።)

ክፍሉ፦ አሁንም አዞርከው።

አየነው፦ አላዞርኩትም ጋሼ።

ክፍሉ፦ ታዲያ በራሱ ዞረ? ወደ ጓዳው፣ ወደ እኔ አድርጌው ነው የተኛሁት። በላብ ተጠምቄ ተነሳሁ። እሱ ይኸው ኮምፒውተር ያናፍሳል።

አየነው፦ ቬንትሌተሩን አልነካሁትም። ኮምፒውተሩን ነው አምጥቼ ፊቱ ያስቀመጥኩት። ሞቀው ብዬ ነው።

ክፍሉ፦ (ወንበር ስቦ ይቀመጣል) ይሄ ማሽን ነፋስ አያሻውም አቦ። የድሬ ልጅ ነው፤ ሙቀት ለምዷል። ሞቀኝ፣ ደከመኝ የሚለው አዲሱ ነው።

አየነው፦ የትኛው አዲሱ?

ክፍሉ፦ አስራ አንድ ነዋ። ዊንዶውስ አስራ አንድ። ፋብሪካዎቹ ካልጫንክ እያሉ የሚነዘንዙኝ።

አየነው፦ (ደንገጥ ብሎ) የልብስ ፋብሪካዋ ሃኒ ደወለች እንዴ?

ክፍሉ፦ አሁን ትደውላለች። የመጨረሻ ቃልህን ስጠኝ ብላኛለች። ቃሌ ደግሞ አንድ ነው፤ አስሩን አልለቅም፣ አስራ አንዱን አልጭንም።

አየነው፦ ጋሼ፣ የሠራተኛው ሁሉ ባጅ እኮ ነው። መልካ ጀብዱ መንገድ ያለው ያ ሁሉ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው። እህቴ ምን እንዳለች ሰምተሃል። ይሄ ሥራ ካመለጠ ሱቁን ዝጉት ብላለች።

ክፍሉ፦ ተሻለች ከተጋባን ጀምሮ ዝጋው ስትል ነው የኖረችው።

አየነው፦ አሁን ግን ተከራይ አምጥታለች። ሉብና ሽቶ ልትሸጥበት መጥታ ግድግዳውን ለክታ ሄደች። እኔ ፈርቻለሁ። አንተ ብትዘጋ ቤት አለህ፣ ሚስት አለህ። እኔ ያለኝ ይሄ ወንበር ነው፤ እሱም አንድ እግሩ አጭር ነው።

ክፍሉ፦ አየነው፣ ስማኝ። ጣትህ ስንት ነው?

አየነው፦ (ይቆጥራል) አስር።

ክፍሉ፦ ትእዛዛቱስ?

አየነው፦ አስር።

ክፍሉ፦ አየህ? አስር ሙሉ ነው። አስራ አንደኛ ጣት ያበቀለ ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው።

አየነው፦ አስሩ የመጣ ጊዜ ግን ሰባቱን አልለቅም ብለህ ነበር። ሰባት ሙሉ ነው፣ ሳምንት ሰባት ቀን ነው፣ ምስጢራትም ሰባት ናቸው አልክ።

ክፍሉ፦ ያኔ አስሩ ገና አዲስ ነበር።

አየነው፦ አሁንስ?

ክፍሉ፦ አሁን አረጀ። አረጀና ተስተካከለ። ዊንዶው እንደ ጫማ ነው፤ ሊቀደድ ሲል ነው እግር የሚለምደው።

አየነው፦ ታዲያ አስራ አንዱም ሲያረጅ...

ክፍሉ፦ ያኔ እወደዋለሁ። ማን አስቸኮለኝ? (ስክሪኑን ያሳያል። አንድ ሪዛም ሰውዬ ባቡር ተደግፎ የተነሳው ፎቶ ሞልቶበታል።) አባቴን እያቸው።

አየነው፦ (ቶሎ ብሎ) አየኋቸው ጋሼ። አሉ። የትም አልሄዱም።

ክፍሉ፦ የት ይሄዳሉ? ፎቶ ናቸው። ባቡር ነጂ ነበሩ። በእንፋሎቱ ቦታ ናፍጣው ባቡር የመጣ ዕለት ምን አሉ? ለገሀር ላይ ቆመው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከእንፋሎቱ አልወርድም አሉ።

አየነው፦ ከዚያስ?

ክፍሉ፦ ከዚያማ ጡረታ እስኪወጡ ናፍጣውን ነዱት።

አየነው፦ ታዲያ ምን ቀረ?

ክፍሉ፦ እምቢታቸው ቀረ። ወንድ ልጅ የሚታወሰው በእምቢታው ነው።

አየነው፦ ፎቶው ላይ የተደገፉት ግን ናፍጣውን ነው።

ክፍሉ፦ ደክሟቸው ነው የተደገፉት። ይልቅ ይሄን ማሽን እይልኝ። ገና ነካ ሳደርገው ብድግ ይላል። ድሮ እስኪነሳ አንድ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ አሁን ስኳሩን አማስዬ ሳልጨርስ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ለምን ይመስልሃል?

አየነው፦ (አንገቱን ደፍቶ) እንጃ።

ክፍሉ፦ አቧራ። የፋሲካ ማግስት ከፍቼ በብስክሌት ፓምፕ ነፋሁት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ይኸው ይበራል። ፊደሉ እንኳ ጠራ። የመስኮቶቹ ጥግ ሁሉ ክብ ክብ ብሏል።

አየነው፦ ክብ ያለውም በአቧራው ነው?

ክፍሉ፦ እሱ በመነጽሬ ነው። አዲስ መነጽር ነው።

አየነው፦ የድሮው መነጽርህ ምን ሆነ?

ክፍሉ፦ አረጀ።

አየነው፦ ሲያረጅ አይደል የሚስተካከለው?

ክፍሉ፦ (ለአፍታ ያየዋል) አንዳንዴ ጭንቅላትህ ውስጥ ማን ገብቶ እንደሚያወራ ግራ ይገባኛል። ስማ፣ ጽናት ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ። ይሄ ማሽን በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። አዲሱ መጥቷል፣ ልጫን ወይ? በኋላ እለዋለሁ። ነገ ይመጣል። በኋላ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተያይዘን ኖርን። ከፋሲካ ወዲህ ግን መጠየቁን ተወ። ተስፋ ቆረጠ።

አየነው፦ ምናልባት መልስ አግኝቶ ይሆናል።

ክፍሉ፦ ከማን?

አየነው፦ (ያስለዋል) አቧራው ጉሮሮዬ ገባ።

ክፍሉ፦ ውሃ ጠጣ።

አየነው፦ ግን ጋሼ፣ አስራ አንዱ ምን አደረገህ? አይተኸው ታውቃለህ?

ክፍሉ፦ ማየት ለምን? ኃይለየሱስን አይቻለሁ።

አየነው፦ ባለፎቶ ቤቱን?

ክፍሉ፦ እሱን። ጫነ። ከዚያ ማጥፊያው የት እንዳለ ጠፋበት። ሰውዬው ሰንብቶ ሰንብቶ መብራት ሲሄድለት ነው የተገላገለው።

አየነው፦ አሁን እኮ ሥራ በሥራ ሆኗል። ጠዋት ሳልፍ ሰው በር ላይ ተሰልፎለት ነበር።

ክፍሉ፦ ማጥፊያውን ሊያፋልጉት ይሆናል። ደግሞ ይሰልላል። የምትጽፈውን ሁሉ ባሕር ማዶ ይልካል።

አየነው፦ እኛ የምንጽፈው የዕድር ጥሪ ነው።

ክፍሉ፦ ይኸውልህ። ማን እንደሞተ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ፕሪንተሬም አስራ አንድን አያነጋግርም።

አየነው፦ ማን ነገረህ?

ክፍሉ፦ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዘመን አብረን ኖረናል። ኩሩ ነው።

አየነው፦ ዛሬ ጠዋት ያን ሁሉ የፈተና ወረቀት አተመ እኮ።

ክፍሉ፦ ለአስሩ ነዋ ያተመው። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ለአሮጌው ጥበቃ ተነስቷል፣ ሌባ ይገባበታል፣ የሠራተኛ ፎቶ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ አናስቀምጥም ይላሉ። ይግባ ሌባው። በግንቦት እዚህ ሱቅ የገባ ሌባ ራሱ ውሃ ለምኖ ነው የሚወጣው።

አየነው፦ እኔ ሌባውን አልፈራሁም። ሉብናን ነው የፈራሁት።

ክፍሉ፦ (ይነሳል፣ ሪዙን ይይዛል) እንግዲህ ምያለሁ። አስራ አንድ እዚህ ማሽን ላይ ገብቶ በትክክል ከሠራ፣ ይሄን ሪዝ እላጨዋለሁ። እዚሁ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከዚራ እያየኝ፣ የማዶው ፀጉር አስተካካይ አለምብርሃን መጥቶ ይላጨኝ።

አየነው፦ ጋሼ፣ አትማል።

ክፍሉ፦ ምያለሁ አልኩህ።

አየነው፦ የአባትህ ሪዝ እኮ ነው።

ክፍሉ፦ ለዚያ አይደል የማልኩበት? በድብቅ የጫነ ሰው ካገኘሁ ደግሞ፣ የሚስቴ ወንድም ቢሆን እንኳ፣ ወንበሩን ይዞ ይሂድልኝ።

አየነው፦ (ወንበሩን አየት አድርጎ) አጭር እግር ያለውን?

ክፍሉ፦ እሱኑ።

አየነው፦ ታዲያ ሃኒን እምቢ ልትላት ነው?

ክፍሉ፦ እምቢ? እኔ ደንበኛ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? እሺ ነው የምላት። እሺ፣ ሰሞኑን እንጭናለን፣ እግዜር ካለ። ከዚያ አልጭንም።

አየነው፦ እሺ ካልክ በኋላ?

ክፍሉ፦ አንተ ሰው፣ ስንት ጊዜ ላስተምርህ? እሺ ማለት እምቢን በጨዋ ደንብ ማለት ነው። ናፊሳ የሠርግ ጥሪዬን ቶሎ አድርስልኝ ስትል ምን አልኳት?

አየነው፦ እሺ።

ክፍሉ፦ ተቀየመች?

አየነው፦ አልተቀየመችም። ሌላ ቦታ አሠርታ አገባች። አሁን ወልዳለች።

ክፍሉ፦ ግን አልተቀየመችም። ሰው እሺን ያውቃታል። ሰምቶ፣ ገብቶት፣ በሰላም ይሄዳል። ለዚህ አይደል ቀትር ላይ ስተኛ የማስጠነቅቅህ? ማንም መጥቶ ምንም ቢጠይቅህ...

አየነው፦ እሺ በል፣ እኔን እንዳትቀሰቅሰኝ።

ክፍሉ፦ ጎበዝ። ትላለህ?

አየነው፦ ሁልጊዜ። ለሁሉም። (ለራሱ) ለሁሉም ወላሂ። (ጮክ ብሎ) ሃኒ ግን እሺህን ለይታዋለች። ክፍሉ እሺ ካለኝ ያኔውኑ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች።

ክፍሉ፦ ይሄን ማን ነገረህ?

አየነው፦ ማርቲ።

ክፍሉ፦ ስልክ የምትጠግነዋ ማርቲ? (በጎን ያየዋል) እንዲህ ነው ነገሩ። እሺ፣ እሱን እንመለስበታለን። ለሃኒ ደግሞ ሌላ መላ አለኝ። ይሄን የባጅ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም ብላ በፍላሽ ልካልኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ከፋሲካ በፊት ሞክሬው አልከፈት ብሎኛል። ና፣ አልከፈት ሲል ላሳይህ። (ፍላሹን ይሰካል)

አየነው፦ ተወው ጋሼ።

ክፍሉ፦ እይ። ተጫንኩት። አሁን እምቢ... (ስክሪኑ ላይ ባጁ፣ ከነፎቶው ቦታ፣ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።)

አየነው፦ (ዐይኑን ጨፍኖ) ምን አለ?

ክፍሉ፦ ተከፈተ።

አየነው፦ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር...

ክፍሉ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ተከፈተ። አየኸው አሮጌውን? የአዲሱን ፋይል በአሮጌ ጥርሱ ሰበረው። እነዚህ ሰዎች የማያውቁት ይሄን ነው። ተንከባክበው ስለማይዙ አዲስ አዲስ ይላሉ።

አየነው፦ አሁንም አቧራው ነው?

ክፍሉ፦ ሌላ ምን ይሆናል? በቃ፣ እሺም አልላትም። ስትደውል እንዲህ ነው የምላት፦ እኔ ያለኝ አሮጌው ነው፣ ያንቺን አዲስ ከፍቶታል፣ አስራ አንድ ቤቴ አይገባም፣ ደህና ዋይ።

አየነው፦ ይህን ካልካት ሥራው ሄደ። ሱቁም ሄደ። እኔም ሄድኩ። (ላቡን ይጠርጋል) ጋሼ፣ ተቀመጥ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የደበቅኩህ ነገር አለ።

ክፍሉ፦ አውቃለሁ።

አየነው፦ ታውቃለህ?

ክፍሉ፦ እኔን ማን ያታልለኛል? ማርቲ።

አየነው፦ (ተገርሞ) ማን ነገረህ?

ክፍሉ፦ አለምብርሃን። ማዶ ተቀምጦ የማያየው የለም። እኔ ቀትር ላይ ተኝቼ ማርቲ ሹልክ ብላ ገባች፣ መዝጊያው ወረደ፣ ቆይታ ቆይታ በላብ ተነክራ ወጣች ብሎኛል።

አየነው፦ ሞቆን ነው። ማንም እንዳያየን ብለን መዝጊያውን አወረድነው።

ክፍሉ፦ ዝርዝሩን ተወኝ አቦ። አማቼ ነህ።

አየነው፦ ብቻዬን አቃተኝ። አንዴ ጀመርኩትና ከዚያ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል።

ክፍሉ፦ ፍቅር እንዲያ ነው።

አየነው፦ ልንቀለው ነበር። ማርቲ እንዳትነካው፣ በመሐል ከተቋረጠ ለዘላለም ይበላሻል አለችኝ።

ክፍሉ፦ ብልህ ልጅ ናት። ወድጃታለሁ። ሽማግሌ እኔው እሆናለሁ።

አየነው፦ ከዚያ አባትህ ጠፉ።

ክፍሉ፦ ... ምን?

አየነው፦ አባትህ። ከነባቡራቸው ጠፉ። በቦታቸው ትልቅ ሰማያዊ አበባ ወጣ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማርቲ ናት ፈልጋ የመለሰቻቸው። ከታች መሐል ላይ የተሰበሰበውንም ሁሉ ወደ ግራ አደረገችልኝ፣ ጋሼ የለመደው ግራውን ነው ብዬ ለመንኳት።

ክፍሉ፦ (ቀስ ብሎ ወደ ስክሪኑ ይዞራል) አየነው። ስለ ምንድን ነው የምታወራው?

አየነው፦ ስለ አስራ አንዱ።

(ክፍሉ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርጋል፣ መልሶ አድርጎ ስክሪኑን ያያል።)

አየነው፦ አንተ ተኝተሃል። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው። ማንም ምንም ቢጠይቅህ ብለሃል። እሺ አልኩት።

ክፍሉ፦ እሺ አልከው?

አየነው፦ እንደ ሰው ሰምቶ የሚሄድ መስሎኝ ነው። ይሄ ጉደኛ ግን አመነኝ።

ክፍሉ፦ ለኮምፒውተር እሺ አይባልም። ምን እሺ አለ ከኮምፒውተር ጋር? እሱ የሰው ደንብ የት ያውቅና ነው?

አየነው፦ ይሄን አላስተማርከኝም።

ክፍሉ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል) ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ... ያ ፍጥነቱ?

አየነው፦ አስራ አንድ ነው።

ክፍሉ፦ ክብ ክቡ?

አየነው፦ አስራ አንድ።

ክፍሉ፦ ፕሪንተሩ? ያ ኩሩው ፕሪንተሬ?

አየነው፦ በመጀመሪያው ቀን ነው የታረቁት።

ክፍሉ፦ ፓምፑስ?

አየነው፦ ፓምፑ የኔ ነው። መልስልኝ፤ የብስክሌቴ ጎማ ከፋሲካ ጀምሮ እንደተኛ ነው።

ክፍሉ፦ ማለት ኃይለየሱስ ያጣውን ማጥፊያ እኔ በየማታው እያጠፋሁበት ወደ ቤቴ እገባ ነበር?

አየነው፦ አንድ ቀን እንኳ አልሳትከውም ጋሼ።

ክፍሉ፦ (ብድግ ብሎ፣ በቁጣ) ወንበርህን አንሳ። አንሳና... (ስልኩ ይጮኻል። ክፍሉ ስልኩን ያያል፣ አየነውን ያያል፣ ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን ባጅ ያያል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።) ሃሎ፣ ሃኒዬ። ደህና ነሽ የኔ እመቤት? ... ቃሌን? ልሰጥሽ ስል ነው የደወልሽው። ... አስራ አንድ? እሱማ ከፋሲካ ጀምሮ አለ። ... እኔማ ገና ሳየው ነው የወደድኩት። ያስቸገረኝ የሚስቴ ወንድም ነው። ... አዎ፣ አየነው። አዲስ ነገር ይፈራል። የጫንን ዕለት ቁጭ ብሎ አለቀሰ ብልሽ ታምኛለሽ? ... ምን ይደረግ፣ ሰው አይጣል። በግድ አስለመድኩት። ... ፋይሉ ፊቴ ተከፍቷል። ... እሺ። ... አይ፣ አይ፣ የድሮው እሺ አይደለም። የእውነቱን ነው። ... ሥራውን ነገ ላኪልኝ። ደህና ዋይ። (ስልኩን ያስቀምጣል።)

አየነው፦ እኔ ነኝ አዲስ የምፈራው?

ክፍሉ፦ አለቀስኩ አላልክም እንዴ?

አየነው፦ እሱስ ብያለሁ።

ክፍሉ፦ እንግዲያው ምን ዋሸሁ? ሥራው መጣ። ወንበርህ ተረፈ። ሉብናም ሽቶዋን ሌላ ቦታ ትሽጥ። እንዲህ ነው በዘዴ መኖር፤ ከእኔ ጋር ብትውል ብዙ ትማራለህ።

አየነው፦ ሪዙስ?

ክፍሉ፦ የምን ሪዝ?

አየነው፦ አስራ አንድ ገብቶ ከሠራ ብለህ የማልክበት።

ክፍሉ፦ (ሪዙን በመዳፉ ይሸፍናል) እ... እሺ።

አየነው፦ እሺ?

ክፍሉ፦ እሺ አልኩህ እኮ። እሺ፣ እሺ። (ወደ ጓዳው እያመራ) እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል፤ ይሄ ስልክ አደከመኝ።

አየነው፦ (በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ወደ ማዶ ይጣራል) አለምብርሃን፣ ምላጭና ሳሙናህን ይዘህ ና። ጋሼ ክፍሉ ሪዙን ሊላጭ ነው። ... አዎ፣ እዚሁ። ... ጠይቄዋለሁ፣ ራሱ እሺ ብሏል።

ክፍሉ፦ (ከጓዳው በር ተመልሶ) አንተ ሰው አብደሃል? እሺ አልኩ እንጂ ይላጭ መች አልኩ? እሺ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አታውቅም?

አየነው፦ (አጭር እግር ያለውን ወንበር አቧራውን አራግፎ ያቀርብለታል) አውቅ ነበር ጋሼ። ከኮምፒውተሩ ጋር ስውል ረሳሁት፤ አሁን እኔም እሺ ሲሉኝ አምናለሁ። ተቀመጥ፣ ቬንትሌተሩን ወደ አንተ አዙሬልሃለሁ።